ከግንባር የወረደ አፍንጫ

አንዲት ሐኪም ነበረች። ካንሰር ያበላሸውን ፊት መልሳ የምትሠራ ሐኪም።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ የሚባሉ እናት ወደ እሷ መጡ። ካንሰሩ ከነአፍንጫቸው ተቆርጦ ወጥቷል። ድነዋል፤ ፊታቸው መሀል ግን ቀዳዳ ቀርቷል። ሐኪሟ ወረቀት አውጥታ ሣለችላቸው።

«ከግንባርዎ ቆዳ አነሣና ወደ ታች አጥፌ አፍንጫ እሠራበታለሁ። አንዱ ጫፍ ቅንድብዎ ጋ እንደተያያዘ ሦስት ሳምንት ይቆያል። ገባዎት?»

«እሺ፣ ዶክተርዬ።»

«የሚጠይቁኝ አለ?»

«እሺ።»

እሺ! ሐኪሟም ገብቷቸዋል ብላ ቀዶ ሕክምናውን ሠራች።

በዘጠነኛው ቀን ፋሻው ተነሣ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ በስልካቸው ካሜራ ፊታቸውን አዩ። ከቅንድባቸው እስከ አፍንጫቸው የተንጠለጠለ የቆዳ ጥቅል!

«ዝሆን አደረግሽኝ እኮ! ቁረጪልኝ! እሑድ ልጄን እድራለሁ።»

«አሁን ከቆረጥኩት አፍንጫው ጠቁሮ ይሞታል። ነግሬዎታለሁ እኮ! እሺ ብለውኛል!»

«ታዲያ ሐኪም ሲናገር ምን ይባላል? እምቢ ልበል?»

ሐኪሟ ግራ ገባት። ማን ነው ያጠፋው? እሷ ተናግራለች፤ እሳቸውም ሰምተዋል። ብትቆርጠው አፍንጫው ይጠፋል። እምቢ ብትላቸው ደግሞ ቤታቸው ሄደው ራሳቸው ቢቆርጡትስ?

በመጨረሻ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «እስቲ እኔ ዝም ልበልና እርስዎ ያስረዱኝ። ይሄ ቆዳ ለምን ተንጠለጠለ?»

«መቁረጡን ረስተሽው ነዋ!»

ሐኪሟ ሳቀች። ሴትዮዋ ግን እየቀለዱ አልነበረም።

ጣታቸውን ይዛ ቆዳው ላይ አሳረፈችው።

«ይሞቃል» አሉ።

«ደም እያለፈበት ነው። ከግንባርዎ እየወረደ አፍንጫዎን ይመግበዋል፤ አፍንጫው የራሱን የደም ሥር እስኪያበጅ።»

ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቁ። «ስንት ቀን ቀረው?»

«አሥራ ሁለት።»

«ሠርጉስ?»



እሑድ ልጃቸውን ከነጥቅሉ ዳሩ። እጁን የዘረጋውን ዘመድ ሁሉ «አትንካው፣ እየበላ ነው!» እያሉ።

እናንተስ?

ባለፈው እሑድ እዚሁ ቆሜ ስሰብክ በአሜን ጣሪያው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ በር ላይ ሦስት ሰው «ስለ ምን ሰበክሁ?» ብዬ ጠየቅሁ። ሦስቱም «ተባረኪ!» አሉኝ።

«ጌታ ሆይ፣ እንደ ፈቃድህ ሥራኝ» ብላችሁ የጸለያችሁ ስንት ናችሁ? ገብቷችሁ ነው? ወይስ እምቢ ማለት አስፈርቷችሁ? ከዚያ ሥራው መሀል ሲደርስ፣ ነገራችሁ ከቀድሞው ሲብስ፣ «ቁረጠው!» ትላላችሁ። ከወንድማችሁ ጋር የጀመራችሁትን ዕርቅ በዘጠነኛው ቀን ትተዋላችሁ።

መሀሉ ለምን እንዲህ እንደሚያስጠላ አትጠይቁኝ። እኔም አላውቅም። ጌታን ግን ጠይቁት! በጥያቄ አይቀየምም። ዝም ብላችሁ እሺ ስትሉት ግን ምን እንደተሸከማችሁ ሳታውቁ ትሄዳላችሁ።

ስለዚህ ዛሬ ግራ የገባው ሰው አሜን አይበልብኝ። ተነሡ፤ ያልገባችሁን ነገር በስሙ ጠርታችሁ ጸልዩ።