አርጃኖ ላይ ተቀምጠው ቀበሮን የጠረጠሩ

ተረት ተረት! ... "የላም በረት" አላችሁ? ኧረ አልሰማሁም፣ ጮክ በሉ! እንዲህ ነው እንጂ! በሉ ላሞቹ በረታቸው ይግቡ፣ እኛ ወደ ሐይቁ እንውረድ።

ድሮ፣ ንፋስና ዝናብ እንኳ አፍ በነበራቸው ዘመን፣ ሽኮኮ፣ ኤሊና ጃርት የሚባሉ ሦስት ወዳጆች ነበሩ። ኅዳር በገባ ቁጥር ከሩቅ አገር የሚመጡትን ዝይዎች ለማየት ሐይቁ ዳር ይወርዳሉ። ሥራቸው ማየት ብቻ! አንጋጦ ማየት፣ "መጡ!" ብሎ መጮህ፣ ደስ ብሎ መመለስ።

የዚያን ዓመት ኅዳር ግን ከፋ። ንፋሱ "ማንም ከቤቱ እንዳይወጣ!" እያለ ያፏጫል። ጭጋጉ "እኔ ካልፈቀድኩ ማን ያያል?" ይላል። ዝናቡም ያለ ወሩ ይወርዳል። ወዳጆቹ ግን ወረዱ። ሐይቁ ዳር ሲደርሱ ዳክዬ ጠራቻቸው። ደንገሉ ሥር ሦስት እንቁላል ታቅፋለች።

"ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም። ወፍ ማየታችሁ ካልቀረ የእኔንም ጎጆ እዩልኝ፤ ቶሎ እመለሳለሁ።"

"ሂጂ እመት ዳክዬ!" አለች ጃርት። "ስድስት ዓይን እያለ ማን ይነካዋል?"

ከጎጆው አጠገብ አንድ ወፍራም እርጥብ ግንድ ተጋድሟል። ተቀመጡበት። ግንድ እንዳይመስላችሁ! የእንሽላሊት ታላቅ ወንድም፣ እንቁላል ወዳዱ አርጃኖ ነው። የጃርት እሾህ ቢወጋው ዝም፣ ኤሊ ብትጫነው ዝም። ሆድ የጓጓበትን ጀርባ ይችለዋል።

ይኼኔ ቀበሮ ከች አለ።

"እንደምን ዋላችሁ? እኔም ዝይዎቹን ልይ ብዬ ነው።"

"ልታይ ነው ልትበላ?" አለች ሽኮኮ።

"ለማየት እኮ ጥርስ አያስፈልግም።"

"ታዲያ ጥርስህን ለምን ይዘኸው መጣህ? ፈቀቅ በል!"

ፈቀቅ አለ። አንድ መንጋ ዝይ በላያቸው አለፈ። ማንም አላየም፤ ሁሉም የሚያዩት ቀበሮን ነው።

ጥቂት ቆይቶ ኤሊ አንገቷን አወጣች። "አያ ቀበሮ፣ ጅራትህን ምን ያወዛውዘዋል?"

"ንፋሱ ነው።"

"እኔ አልነካሁትም!" አለ ንፋሱ።

"ጅራትህ ላይ ተቀመጥ!"

ተቀመጠ። ሁለተኛው መንጋ አለፈ። ማንም አላየም።

አሁን ደግሞ ጃርት ጮኸች። "ከንፈሩን ላሰ! በዓይኔ በብረቱ አየሁት!"

"ዝናብ እኮ ነው፣ እትዬ ጃርት።"

"በእኔ አታመካኝ!" አለ ዝናቡ።

"አፉ ይታሰር!"

ሦስቱም ብድግ አሉ። ደንገል ቆርጠው የቀበሮን አፍ ጥፍር አድርገው አሰሩት። ሦስተኛው መንጋ እየጮኸ አለፈ። ሲመለሱ ግንዱ የለም።

"ግንዱስ?"

"ቀበሮ ሰርቆት ነው!"

"የት ደብቆት?"

"ሆዱ ውስጥ ነዋ!"

ቀበሮ "እምም! እምምም!" እያለ በአፍንጫው ወደ ጎጆው ያመለክታል።

"አያችሁ? እንቁላሉ አምሮት ሲያቃስት!" ብለው ሳቁበት።

ዳክዬ ስትመለስ አርጃኖ ሁለቱን ውጦ ሦስተኛውን በአፉ ይዟል። ዋይ ብላ በረረችና፣ ወደ ጎጆው የሚያየው እሱ ብቻ ነበርና፣ የቀበሮን ማሰሪያ በምንቃሯ በጠሰችው። ቀበሮ ያመቀውን ድምፅ ሁሉ በአንዴ ለቀቀው። አርጃኖ ደንግጦ እንቁላሉን ለስላሳው ጭቃ ላይ ጣለና ውሃ ውስጥ ገባ።

ዳክዬ ወደ ሦስቱ ዞረች። "ምን ስትጠብቁ ነበር?"

"ቀበሮን!"

"እኔ ጎጆዬን የሠራሁት ቀበሮ አፍ ውስጥ ነው?"

ዳክዬ ቀበሮንም ገላመጠችው።

"አንተስ? እውነት ለማየት ብቻ ነው የመጣኸው?"

ቀበሮ መሬት መሬቱን አየ። "ማየቱስ ማየት ነበር። ከማየት በኋላ ያለውን ገና አልወሰንኩም ነበር።"

ዳክዬ የተረፈችውን አንዲት እንቁላል በምንቃሯ እያንከባለለች ደንገሉ ውስጥ ገባች። ከዚያን ቀን ወዲህ ጎጆዋን ለጠላትም ለወዳጅም አታሳይም።

ተረቴን መልሱልኝ፤ ለአፌ ማበሻ ዳቦ ያለው እጁን ያውጣ። ምክሩን ግን ያዙት፦ የጠረጠሩት ላይ ሲያፈጡ፣ የተቀመጡበት ተነሥቶ ይሄዳል።