የእታፈራሁ ሙቀጫና የትርሲት ወንበር

ተረቱ አጭር ነበር፤ ያስረዘሙት ሰዎቹ ናቸው። ብትሰለቹ እነሱን ውቀሱ፤ እኔን ግን አዳምጡኝ።

እታፈራሁ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏን ገዛኸኝንና ልጇን ትርሲትን ይዛ ባሕር ተሻግራ፣ በረዶ እንደ ጤፍ ገለባ ወደሚበንበት ከተማ ገባች። አውሮፕላን ጣቢያ ላይ የሻንጣሽ ኪሎ በዛ ቢሏት ካፖርቷን አውጥታ ትታ፣ የእንጨት ሙቀጫዋን ከነዘነዘናው ይዛ የመጣች ሴት ናት። ገዛኸኝ "በብርድ ልትሞቺ ነው" ቢላት፣ "ካፖርት እዚያም ይሸጣል፤ ሙቀጫ ማን ይሸጥልኛል?" አለችው።

የፈለገችው ነገር ትንሽ ነው። አንዲት ወንበር። ልጇ ዩኒቨርሲቲ ገብታ፣ ፋርማሲ ክፍል ውስጥ የምትቀመጥባት አንዲት ወንበር። ትርሲት ፈተናውን አልፋ ስሟ ወጥቷል፤ ትምህርቱም ሰኞ ሊጀመር ነው። እናትና ልጅ ሊያስመዘግቡ ሄዱ። የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ክፍያውን ጽፋ ስትሰጣቸው እታፈራሁ ወረቀቱን አንዴ አርቃ፣ አንዴ አቅርባ አየችው። ቢርቅም ቢቀርብም ያው ነው።

"ይኼ የውጭ አገር ተማሪ ዋጋ ነው። የከተማው ነዋሪ ልጅ የዚህን ሲሶ ነው የምትከፍለው" አለች ሴትዮዋ። ትርሲት ቋንቋውን ታውቃለችና ተረጎመች።

"እኛስ ምን ልንሆን ነው?" አለች እታፈራሁ። "የመኖሪያ ፈቃድ ይዘን ገባን፤ ሁለት በረዶ እዚሁ አሳለፍን። የቀረን ነገር ቢኖር እዚሁ መሞት ነው።"

"መኖራችሁን አምናለሁ፤ ግን ማዘጋጃ ቤቱ ማኅተም መትቶ ካላረጋገጠልኝ ዋጋ አልቀንስም። እስከ ዓርብ ካላመጣችሁ ወንበሩ ለሌላ ይሰጣል።"

ማታ ይህን ለገዛኸኝ ነገሩት። ገዛኸኝ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲያነሳ ውሎ ወገቡን ይዞ ነው የገባው። "እንግዲያው አንድ ዓመት ትሥራና በሚመጣው ዓመት ትግባ" አለ።

እታፈራሁ ቀና አለች። "አንድ ዓመት የምትለውን ነገር አውቀዋለሁ። እኔንም ስምንተኛ ክፍል ላይ የያዘኝ እሱ ነው። አንድ ዓመት ብቻ ብሎ ያዘኝ፤ ይኸው ጸጉሬ ሸበተ፤ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ልጄን አይነካትም!"

ገዛኸኝ ወገቡን ይዞ ወደ አልጋው ሄደ።

በማግስቱ ትርሲትን ይዛ ማዘጋጃ ቤት ሄደች። መነጽር ያደረገ ጎረምሳ መስኮት ላይ ተቀምጧል። "ማዘጋጃ ቤት ሆይ፣ ማኅተምህን ምታልኝ! ዩኒቨርሲቲው ዋጋ አልቀንስም ብሎ ትርሲት ከደጅ ቀርታለች" አለችው።

ጎረምሳው፣ "አከራያችሁ የፈረመበት የኪራይ ውል ካላመጣችሁ ማኅተም አልመታም" አለ።

ውል! እናትና ልጅ ተያዩ። ቤቱን ሲከራዩ ሙሴ ጋስፓር የሚባለው ባለቤት ቁልፉን ሰጥቶ፣ እጃቸውን ጨብጦ፣ ወረቀቱን በኋላ እሰጣችኋለሁ ብሏቸው ነበር። ከዚያ እታፈራሁ አንድ ሁለቴ ልጠይቀው ብትል ገዛኸኝ ከለከላት። "ሰውዬው ጨዋ ነው፤ ቃሉን ሰጥቶናል። ወረቀት አምጣ ብለን እንዴት እናሳፍረዋለን?" አላት። ይሉኝታቸውን ሻንጣ ውስጥ ከተው መጥተው ኖሯል፤ የእሱን ኪሎ ማንም አልመዘነውም።

እንግዲህ ማዘጋጃ ቤቱ ማኅተም አልመታም አለ፤ ዩኒቨርሲቲው ዋጋ አልቀንስም አለ፤ ትርሲትም ከደጅ ቀረች።

እታፈራሁ ነጠላዋን ጠበቅ አድርጋ፣ ትርሲትን አስከትላ ወደ ሙሴ ጋስፓር ሄደች። "ሙሴ ጋስፓር ሆይ፣ ውሉን ፈርሙልኝ! ማዘጋጃ ቤቱ ማኅተም አልመታም ብሎ፣ ዩኒቨርሲቲው ዋጋ አልቀንስም ብሎ፣ ትርሲት ከደጅ ቀርታለች።"

ሙሴ ጋስፓር ራሱን አከከ። "ልፈርም ብዕሬን አንስቼ ነበር፤ ግን ከበታቻችሁ ያለችው ማዳም ኦዴት ከሳችኋለች። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ጣራዬን ይደበድቡታል ትላለች። እሷ ክሷን ካላነሳች አልፈርምም።"

"ምን አለ?"

"እማዬ፣ ሙቀጫው ነው።"

እታፈራሁ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ቅዳሜ ቅዳሜ ጧት የሳምንቱን ቅመም ትወቅጣለች፤ ባለፈው ቅዳሜማ ቋንጣ ነበርና ክንዷ እስኪዝል ነው የወቀጠችው። የእሷ ወለል የሰው ጣራ መሆኑን አንድም ቀን አስባው አታውቅም። መሬት ላይ የኖረ ሰው ከሥሩ ሰው አለ ብሎ በምን ያስባል?

ምላሷ ግን አላረፈም። "ንገሪው፤ ኪራይ ሲቀበል ያልተንቀጠቀጠ እጅ ለፊርማ ሲሆን ምን ነካው በይው።"

ትርሲት ወደ ሙሴ ጋስፓር ዞረች። "እናቴ ታመሰግንዎታለች።"

"ያን ሁሉ ተናግሬ ይቺን ታክላለች?"

"ቋንቋቸው አጭር ነው፣ እማዬ።"

እንግዲህ ሙሴ ጋስፓር ውል አልፈርምም አለ፤ ማዘጋጃ ቤቱ ማኅተም አልመታም አለ፤ ዩኒቨርሲቲው ዋጋ አልቀንስም አለ፤ ትርሲትም ከደጅ ቀረች።

ሐሙስ የማዳም ኦዴትን በር አንኳኩ። በሩ በሰንሰለቱ ልክ ተከፈተና አንድ ሰማያዊ ዓይን አጮለቀ። "ማዳም ኦዴት ሆይ፣ ክስዎን ያንሱልኝ! ሙሴ ጋስፓር ውል አልፈርምም ብሎ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ማኅተም አልመታም ብሎ፣ ዩኒቨርሲቲው ዋጋ አልቀንስም ብሎ፣ ትርሲት ከደጅ ቀርታለች።"

"ካራሜልን ማን ያወጣልኛል?" አለች አሮጊቷ። ካራሜል ድመቷ ናት። "ጣራው ሲደበደብ ደንግጣ ከምድጃው ጀርባ ገባች። ከቅዳሜ ጀምሮ ዓይኗን አላየሁም፤ ሌሊት ተደብቃ ትንሽ ቀምሳ ትመለሳለች። ባሌ ከሞተ ወዲህ እዚህ ቤት የማነጋግረው እሷን ብቻ ነው። ድመቴ ካልወጣች ክሴን አላነሳም!"

በሩ ተዘጋ። እታፈራሁ ግን አልሄደችም። ጎንበስ ብላ በተዘጋው በር ሥር ተጣራች። "ድመቷ ሆይ፣ ከምድጃው ጀርባ ውጪልኝ! ማዳም ኦዴት ክሴን አላነሳም ብላ፣ ሙሴ ጋስፓር ውል አልፈርምም ብሎ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ማኅተም አልመታም ብሎ፣ ዩኒቨርሲቲው ዋጋ አልቀንስም ብሎ፣ ትርሲት ከደጅ ቀርታለች!"

ድመቷ መልስ አልሰጠችም። የእሷን ቋንቋ ትርሲትም አታውቀውም።

እንግዲህ ድመቷ ከምድጃው ጀርባ አልወጣም አለች፤ ማዳም ኦዴት ክሴን አላነሳም አለች፤ ሙሴ ጋስፓር ውል አልፈርምም አለ፤ ማዘጋጃ ቤቱ ማኅተም አልመታም አለ፤ ዩኒቨርሲቲው ዋጋ አልቀንስም አለ፤ ትርሲትም ከደጅ ቀረች።

"እስኪ አሁን ድመት ታሸንፈን?" አለ ገዛኸኝ ራት ላይ። "ሙቀጫሽን ይዘሽ ስትመጪ ተናግሬ ነበር።"

"የተናገርከው ስለ ካፖርቱ ነው። ስለ ወረቀቱማ ጨዋ ነው ብለህ አፌን የያዝከኝ አንተ ነህ።" ጉርሻዋን ሳህኑ ላይ መለሰችው። "ይልቅ አንድ ነገር ንገረኝ። ይቺን ሴትዮ የበደላት ማነው?"

"ያው… እኛ ነና።"

"እኛ አይደለንም። እኔ ነኝ። ክስሽን አንሺ፣ ፈርሙ፣ ማኅተም ምቱ እያልኩ ሳምንቱን ስዞር ይቅርታ ያልኩት ሰው አለ? አገር ቤት ጎረቤቱን የበደለ ሰው ምን ያደርጋል?"

"ድንጋይ ተሸክሞ ደጇ ላይ ይወድቃል።"

"በቃ።"

"ድንጋይ ከየት ታመጪያለሽ? አገሩ እንዳለ በበረዶ ተቀብሯል።"

እታፈራሁ ወደ ጥጉ አየች። ሙቀጫው ቆሟል።

ዓርብ ጧት፣ ጊዜው በሚያልቅበት ቀን፣ ነጠላዋን አጣፍታ ሙቀጫውን ትከሻዋ ላይ አወጣችው። ገዛኸኝ በሩን ሊዘጋባት ደረሰ። "አንቺ ሴት! ልትፈነክተኝ መጣች ብላ ፖሊስ ትጠራብሻለች!"

"ትጥራው። አስታራቂ አጥተን የለ!"

ደረጃውን እያቃሰተች ወረደች፤ ትርሲት ከኋላዋ። እታፈራሁ ማዳም ኦዴት ደጅ ላይ ተንበረከከች፤ ትርሲት አንኳኳች። በሩ በሰንሰለቱ ልክ ተከፈተ፤ ማዳም ኦዴት ሙቀጫውን አይታ ጮኸች።

"አይፍሩ!" አለች ትርሲት። "በአገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው ይቅርታ የሚጠይቀው። ድንጋይ ብናጣ፣ እናቴ የበደለችበትን እቃ ራሱን ተሸክማ መጣች። ይቅር ካሏት ከትከሻዋ ላይ ያወርዱላታል። ካላሏት እንደተሸከመች ትቆያለች።"

እታፈራሁ አንገቷን ደፍታለች። ላቡ በጆሮዋ ሥር ይወርዳል። አሁን ትርሲትም፣ ወንበሯም፣ ሲሶውም ከልቧ ወጥተዋል፤ ያለው ከምድጃው ጀርባ የፈራ እንስሳና ብቻዋን የቀረች ሴት ነው። "ሳላውቅ ነው የበደልኩዎት፤ ስለ እግዚአብሔር ይቅር ይበሉኝ" አለች። ትርሲት ይህችን አንድ ቃል ሳታስቀር ተረጎመቻት።

ማዳም ኦዴት ሙቀጫውን ከላይ እስከ ታች አየችው።

"ከባድ ነው?" አለች ማዳም ኦዴት።

"በጣም።"

"ታዲያ ይኼንን ነው ራሴ ላይ ስትጥሉት የከረማችሁት?"

ሰንሰለቱ ተንሿሿና ወደቀ። አሮጊቷ በሁለት እጇ ሙቀጫውን ከሥር ያዘች፤ እታፈራሁ ከላይ ደገፈች፤ ሁለቱም እያቃሰቱ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ አሳረፉት።

"ይቅር ብያለሁ፤ ግን ካራሜል…"

ቃሏን አልጨረሰችም። ከምድጃው ጀርባ አንድ ነገር ተንኮሻኮሸ። መጀመሪያ ጢም፣ ቀጥሎ አቧራ የለበሰ አፍንጫ፣ ቀጥሎ ሙሉ ድመት ወጣች። አየር አሸተተች። ቀጥታ ወደ ሙቀጫው ሄደች፤ ሁለት እግሯን አፉ ላይ ሰቅላ ጭንቅላቷን ውስጡ ደፈቀች። ከወገቧ በላይ ጠፋች። የቅዳሜው የቋንጣ ዱቄት ከእንጨቱ ጋር ተጣብቆ ኖሯል፤ ትልሰው ጀመር። ያባረራት ሙቀጫ ጠራት።

ማዳም ኦዴት ሳቀችና አለቀሰች። ከዚያ ስልኩን አነሳች። "ጋስፓር! ክሴን አንስቻለሁ። ካልፈረምክላቸው ግን አንተን ነው የምከስህ!"

እንግዲህ ድመቷ ከምድጃው ጀርባ ወጣች፤ ማዳም ኦዴት ክሷን አነሳች፤ ሙሴ ጋስፓር ደረጃው ላይ ቆሞ ውሉን ፈረመ፤ ማዘጋጃ ቤቱ ማኅተሙን መታ፤ ዩኒቨርሲቲው መስኮቱን ሊዘጋ ሲል ደረሱና ዋጋውን ቀነሰ፤ ትርሲትም ገባች!

"ሲሶውስ ቢሆን ቀላል መሰለሽ?" አለ ገዛኸኝ ማታ ወገቡን እያሸ።

"ለሲሶው እንሠራለታለን። ከሲሶው በላይ ያለው ነው የሚገድለን" አለች እታፈራሁ። ገዛኸኝ ከዚያ ቀን ወዲህ ዳቦ ሲገዛ እንኳ ደረሰኝ ሳይቀበል አይወጣም።

ሙቀጫው ወደ ላይ አልተመለሰም። ማዳም ኦዴት ወጥ ቤት፣ የታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ ተቀምጧል፤ ከማዳም ኦዴት ሥር ሰው የለም፣ መሬት ነው። ቅዳሜ ጧት እታፈራሁ ወርዳ ትወቅጣለች፤ አሮጊቷ ወንበር ስባ ታወራታለች፤ አንዷ የሌላዋን ግማሹን እንኳ ሳትሰማ ይግባባሉ። ካራሜልም ዘነዘናው እስኪያርፍ አፍንጫዋን ቀስራ ትጠብቃለች።

ላይ ቤት ጸጥ ብሏል። ትርሲት መጽሐፏን ዘርግታ ታጠናለች።

እኔ ወቅጬ ጨረስኩ፤ መንፋቱ የእናንተ ነው።