በሽኮኮ ጓዳ የተደበቀው ቀበሮ

አንድ ጊዜ፣ ወንዞች ሁሉ በደረቁበት በጋ፣ አያ ጅቦ የቀረችውን አንዲት ምንጭ ያዘና «ያለ እኔ ፈቃድ ጠብታ የሚቀምስ የለም» አለ። እንስሳቱ ፈርተው ዝም ሲሉ ቀበሮ ብቻ እንቢ አለ። ጅቡ ሲያንቀላፋ በስተኋላው ይመጣና ነክሶት ይሮጣል። ሮጦ የሚገባው ደግሞ ከምንጩ በላይ ካለው ቋጥኝ ሥር፣ ከሽኮኮዎች ቤት ነበር። ሽኮኮዎች ሸሽቶ የመጣን እንግዳ «ለምን መጣህ?» አይሉም፤ ወጋቸው ነው። ቀበሮም ይህን አሳምሮ ያውቃል።

እትዬ ሽኮኮ እንግዳ ማስወጣት ነውር ቢሆንባትም አንድ ቀን ለመነችው።

«አያ ቀበሮ፣ እባክህ ሌላ መደበቂያ ፈልግ። ሦስት ልጆች አሉኝ።»

«የምታገለው ለማን ሆነና? ለልጆችሽም አይደል?» አላት። «ደግሞ ያ ሆዳም እዚህ ቋጥኝ ውስጥ አፍንጫውንም አያስገባም።»

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ቀበሮ እንደ ልማዱ ነክሶ ገባ። ጅቡ በዚህ ጊዜ ተከተለውና ቋጥኙን ይንድ ጀመር። ቀበሮ በጓሮ ቀዳዳ ሾልኮ አመለጠ። ቤቱም ተደረመሰ። ቅጠል ልትለቅም ወጥታ የነበረችው እትዬ ሽኮኮ ስትመለስ ከሦስቱ ልጆቿ አንዱን ብቻ በሕይወት አወጣች።

በዚያው ሰሞን ዝሆን ውኃ ፍለጋ ከሩቅ ቆላ መጥቶ ነበርና አቤት አለችው። ዝሆንም ጅቡንና ቀበሮን አስጠርቶ ዋርካ ሥር አቆማቸው።

«እኔ የፈለግሁት ቀበሮን ነው» አለ ጅቡ። «ልጆቹን እዚያ ተኙ ያላቸው ማን ነው?»

«ቤታቸው ነው እኮ» አለ ዝሆን። «ለመሆኑ ቀበሮ በጓሮ ሲወጣ አላየህም?»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አላቆምክም?»

ጅቡ አሰበ፣ አሰበና «ጀምሬው ነበራ» አለ።

ቀበሮ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ሰማችሁ። ገዳዩ በገዛ አፉ ተናገረ። እኔ ልሂድ?»

«ቆይ» አለች እትዬ ሽኮኮ። «የጓሮው ቀዳዳ ልጆቼ በሚተኙበት በኩል ነው። ስትወጣ አላየሃቸውም?»

«አየኋቸው።»

«ለምን አልቀሰቀስካቸውም?»

«ድምፅ ባሰማ ጅቡ ይደርስብኝ ነበር።»

ጅቡ እንኳ መሬት መሬት ያይ ጀመር።

ዝሆን ጅቡን ከምንጩ አባረረው፤ ዳግመኛም በዚያ አገር እንዳይታይ ከለከለው። ከዚያ ወደ ቀበሮ ዞረ።

«የእሱን ጥፋት ላንተ አልሰጥም። ያንተንም ለእሱ አልሰጥም። ሂድ፣ ድንጋዩን እያነሣህ ቤታቸውን ሥራ።»

ቀበሮ ድንጋይ ሲያነሣ ዋለ። ወገቡ ሲዝል ቀና ብሎ «እትዬ፣ ስንት ቀረ?» አላት።

«ድንጋይ ነው ወይስ ልጅ?» አለችው።

ቀበሮ አንገቱን ደፍቶ የሚቀጥለውን ድንጋይ አነሣ።

ከዚህ የምንማረው፣ የምንታገልለት ነገር ትክክል ቢሆንም፣ ሳንጠይቃቸው መሸሸጊያ ያደረግናቸው ሲጎዱ የጨካኙ ጥፋት የእኛን ድርሻ እንደማያስቀርልን ነው።