ሁለተኛ እስኪለምኗት የጠበቀችው ልጅ

አንዲት የሆሳዕና ልጅ ነበረች፤ ሳምራዊት እንበላት። ለትምህርት አሜሪካ ከገባች ገና ወሯ ነው። ዩኒቨርሲቲው ከየአገሩ የመጡትን አዳዲስ ተማሪዎች ሰብስቦ ቤዝቦል ሊያሳያቸው ስታዲየም ወሰዳቸው።

ቤዝቦል አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔም አላየሁም፤ እሷ እንደነገረችኝ ነው የምነግራችሁ። አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው ዱላ ይዞ ይጠብቃል። የኛን የገና ጨዋታ ይመስላል ብላ ደስ ሲላት፣ ሰውየው ኳሷን መታና ዱላውን ጥሎ እግሬ አውጪኝ! "እንዴ! ምን አጥፍቶ ነው የሚሮጠው?" አለች። አጠገቧ የነበረው ኤርምያስ፣ እሱም የኛው አገር ተማሪ ነው፣ በሳቅ ፈረሰ።

ባይገባቸውም ጨዋታው ያዛቸው! ሕዝቡ ሲነሳ ይነሳሉ፣ ሲጮህ ይጮሃሉ። ለማን እንደሚጮሁ ማን ያውቃል!

እዚያ ደግሞ ኳሷ ተመልካቹ መሃል ከገባች እንደ እግር ኳስ አትመለስም፤ የያዛት ይወስዳታል። ሳምራዊት ይህን ሰምታለች። ታናሽ ወንድሟ ጠዋት ደውሎ፣ "እህቴ፣ ኳሷን ብቻ ላኪልኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም" ብሏታል። ዓይኗ ኳሷ ላይ ነው።

እናላችሁ፣ ኳሷ ተመትታ ወደ ሰማይ ወጣች። ወጣች፣ ወጣች፣ ከዚያ ቀጥ ብላ ወደ እነሱ! አንድ ሽማግሌ ብድግ ብለው ቀለብ አደረጓት። ስታዲየሙ በጩኸት ቀለጠ! ሽማግሌው ወደ ሳምራዊት ዞሩና፣ "እንኪ ልጄ፣ የመጀመሪያ ጨዋታሽ አይደል? ላንቺ ትሁን" አሏት።

ምን ብትል ጥሩ ነው? እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? አዎ! "ኧረ አይገባም! ለእርስዎ ትሁን!"

ሽማግሌው "እሺ" አሉ። በቃ፣ እሺ! ከኋላዋ ለተቀመጠው ኮሎምቢያዊ ተማሪ ዘረጉለት። እሱ ዓይኑንም አላሸም፤ "አመሰግናለሁ!" ብሎ ላፍ አደረጋት።

የሳምራዊት እንባ መጣ። ኤርምያስ፣ "ምን ነካሽ? ለምን አልተቀበልሽም?" ቢላት፣ "ሁለተኛ ይለምኑኛል ብዬ ነዋ!" አለችው።

ሁለቱም ሳቁ፣ ሳቁ። እኔም ስቄያለሁ። ግን ማን አሳደጋትና? እየራበን "አሁን በልቼ ነው የመጣሁት" የምንለው እኛ አይደለንም? የቤቱ እመቤት ጉርሻ ጠቅልላ "በሞቴ!" እስክትለን አፋችንን የማንከፍት እኛ አይደለንም?

ወገኖቼ፣ ይህን ይሉኝታ ይዘን እግዚአብሔርም ፊት ቀርበናል። እሱ ይቅርታውን ዘርግቶ "እንኩ" ሲለን፣ "ኧረ አይገባኝም! መጀመሪያ መጠጡን ልተው፣ መጀመሪያ ከወንድሜ ልታረቅ" እንላለን። ትሕትና ይመስለናል። አንዳንዶቻችሁ እዚያ የቤተ ክርስቲያኑ በር አጠገብ መቀመጥ ከጀመራችሁ ስንት ዓመታችሁ ነው? እርግጥ ነው አይገባንም! የሚገባን ቢሆን ኖሮ ደመወዝ እንጂ ስጦታ ይባል ነበር?

ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ? "በሞቴ" እንዲላችሁ? እኛ በሞቴ ስንል ማንም አይሞትም፤ ተጎራርሰን፣ እጃችንን ታጥበን ወደየቤታችን ነው። እሱ ግን ሞቶ ነው ያላችሁ! መስቀል ላይ ሆኖ፣ እየደማ፣ "በሞቴ" ብሏችኋል! ከዚህ በላይ በምን ይለምናችሁ?

ዛሬ እሺ በሉት።