ከሊፍቱ ያልወጣው ማህተም

ተረት ተረት! «የላም በረት» እንዳትሉኝ፤ የዛሬው የሊፍት ተረት ነው።

ትርሲት የምትባል ልጅ ነበረች። ሶፍትዌር ተምራ ተመርቃለች። የምትፈልገው ትንሽ ነገር ነው፤ አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ እንዲፈትናት። በሄደችበት ሁሉ «የሁለት ዓመት ልምድ አለሽ?» ይሏታል፤ «የለኝም» ስትል በሩን ያሳዩዋታል። እንዴ፣ ከእናቷ ሆድ ልምድ ይዛ ትውጣ? በመጨረሻ አብነት የሚባል የአንድ ድርጅት ፈታኝ «ልምድ ባይኖርሽም ነይ፣ ልፈትንሽ። ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው» ብሎ ደወለላት። ይሄ ካልተሳካ ከነገ ጀምሮ አጎቷ ሱቅ ቆማ የስልክ ሽፋን ትሸጣለች። ቃሏን ሰጥታለች።

የድርጅቱ ቢሮ ያለበት ስድስተኛ ፎቅ ደረሰች። ከመድረሷ መብራት ድርግም!

«እባክህ ፈትነኝ» አለችው አብነትን።

«ፈተናው ያለው ኮምፒውተሩ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ካልበራ አልፈትንሽም። ምሳ ሰዓት ላይ ደግሞ ፈተናው ይዘጋል» አለና ሻዩን ፉት አለ።

ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። «ኮምፒውተር፣ ኮምፒውተር፣ ብራ እንጂ! አብነት አይፈትነኝም።»

ኮምፒውተሩ ጥቁር ፊቱን አሳያት። «ጀነሬተሩ ካልተነሳ አልበራም» አለ። ኮምፒውተር አይናገርም የምትሉ ጆሯችሁን ታከሙ።

ደረጃውን ወርዳ ግቢ ገባች። «ጀነሬተር፣ ጀነሬተር፣ ተነሳ እንጂ! ኮምፒውተሩ አይበራም፣ አብነት አይፈትነኝም።»

«ናፍጣ ካልጠጣሁ አልነሳም። አንቺ በባዶ ሆድሽ ትሠሪያለሽ?» አለ ጀነሬተሩ።

«አዎ፣ ቁርስ አልበላሁም» አለችው። ናፍጣ የሚያመጣ ሰው ፍለጋም ሄደች።

የድርጅቱ ሾፌር ሽብሩ መኪናው ውስጥ ወንበሩን አጋድሞ ተኝቷል። መስኮቱን አንኳኳች። «ጋሼ፣ ናፍጣ ያምጡልኝ! ጀነሬተሩ አይነሳም፣ ኮምፒውተሩ አይበራም፣ አብነት አይፈትነኝም።»

«ማህተም ያልተመታበት የናፍጣ መጠየቂያ ወረቀት ይዤ ናፍጣ ላመጣ? ሞኝሽን ፈልጊ! ባለፈው ያለ ማህተም ሄጄ፣ በድርጅቱ መኪና ስትዞር ዋልክ ብለው ማስጠንቀቂያ ጻፉብኝ።»

«ማህተሙ የት ነው?»

«ሥራ አስኪያጁ ኪስ ውስጥ። አቶ ደምመላሽ ማህተሙን ለሚስታቸውም አያምኑም።»

«እሳቸውስ የት ናቸው?»

«ሊፍት ውስጥ ነዋ! መብራቱ ሲጠፋ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቆልፎባቸው ቀሩ።» ወረቀቱን ሰጣትና ተመልሶ ተኛ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! ትርሲት ሦስተኛ ፎቅ ወጣች። ሠራተኛው ሁሉ ሊፍቱ በር ላይ ተኮልኩሎ «አይዞዎት!» ይላል። በሩን ጎትተው ጎትተው ጣት የማያሾልክ ስንጥቅ ብቻ ከፍተዋል።

«አቶ ደምመላሽ፣ ማህተም ይምቱልኝ! ሾፌሩ ናፍጣ አያመጣም፣ ጀነሬተሩ አይነሳም፣ ኮምፒውተሩ አይበራም፣ አብነት አይፈትነኝም።»

«ከሊፍቱ ካልወጣሁ ማህተም አልመታም!» አሉ ከውስጥ።

«ሊፍት፣ ሊፍት፣ ተከፈት እንጂ! ሥራ አስኪያጁ ማህተም አይመቱም፣ ሾፌሩ ናፍጣ አያመጣም፣ ጀነሬተሩ አይነሳም፣ ኮምፒውተሩ አይበራም፣ አብነት አይፈትነኝም።»

«ጀነሬተሩ ካልተነሳ አልከፈትም» አለ ሊፍቱ።

ይኸውላችሁ! ሊፍቱ ጀነሬተሩን ይጠብቃል፣ ጀነሬተሩ ናፍጣውን ይጠብቃል፣ ናፍጣው ማህተሙን ይጠብቃል፣ ማህተሙ ሊፍት ውስጥ ነው። ሠራተኛው ሁሉ «እንግዲህ መብራት እስኪመጣ ነው» ብሎ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ትርሲት እንባዋ መጣ። የስልክ ሽፋኑ ዓይኗ ላይ ዞረ፤ ቀዩ፣ ሰማያዊው፣ ባለ አበባው። ከዚያ ስንጥቁን አየችው።

«አቶ ደምመላሽ! ወረቀቱን በዚህ ስንጥቅ ላስገባልዎት፤ እዚያው ሆነው ይምቱበት።»

«ማነሽ አንቺ?» አሉ።

«ልፈተን የመጣሁ ነኝ።»

«የስንት ዓመት ልምድ አለሽ?»

አያችሁልኝ? ሰውዬው ሳጥን ውስጥ ታሽገው ልምድ ይጠይቃሉ! ትርሲት አንጀቷ አረረ።

«የለኝም! እርስዎስ ሊፍት ውስጥ የመቀመጥ የስንት ዓመት ልምድ አለዎት?»

መልስ ሳትጠብቅ ወረቀቱን በስንጥቁ አስገባችው። ከውስጥ ጧ! የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ወረቀቱም ተመልሶ ብቅ አለ።

ማህተሙ ተመታ፣ ሾፌሩ ናፍጣ አመጣ፣ ጀነሬተሩ ጠጥቶ ተነሳ፣ ሊፍቱ ተከፈተ፣ ሥራ አስኪያጁ ወጡ፣ ኮምፒውተሩ በራ፣ አብነትም ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሻዩን አስቀምጦ ትርሲትን ፈተናት! መጀመሪያ የጻፈችው ፕሮግራም አልሠራም። ስህተቱን ፈልጋ አገኘችው፤ አስተካከለችው፤ ሠራ። «አልፈሻል» አላት።

አቶ ደምመላሽ በላብ ተጠምቀው ፈተናው ክፍል ገቡ። ውጤቱን አዩ። «ጎበዝ ናት። ግን ደንባችን የሁለት ዓመት ልምድ ይላል» አሉ።

አብነት ከወንበሩ ተነሳ። አለቃ ፊት ቀና ብሎ የማያውቅ ልጅ ነው። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ። ልምድ ያለን ሁላችንም ቁጭ ብለን መብራት ስንጠብቅ ነበር። እኔማ ሻይ እየጠጣሁ ነበር።»

አቶ ደምመላሽ ላባቸውን ጠረጉ። ግራ አዩ፣ ቀኝ አዩ፤ የሚያግዛቸው ጠፋ። «በቃ፣ ሰኞ ትግባ» አሉ። ትርሲት ደስታው አላስችል ብሏት እዚያው ፊታቸው እልል አለች።

ተረቴን መልሱ። አፌን በዳቦ ማበሱ ይቅርባችሁ፤ ዲግሪዋን ይዛ ቤት የተቀመጠች ልጅ አለችኝ፣ እሷን ፈትኑልኝ።