የአያ ሸርጣን ሰባት እንግዶች

«ተረት ተረት» ስል «የባሕር በረት» በሉኝ።

አዋቂ ነኝ ባዩ አያ ሸርጣን ጠዋት ጠዋት ከቋጥኙ እየወረደ ባሕር ውስጥ ይጠልቃል። የሚፈልገው ዛጎል የሌላቸውን ቀንድ አውጣዎች ነው፤ ሲያገኝ ስም አውጥቶ መልካቸውን በጉጠቱ ድንጋይ ላይ ይጭራል። ሰኞ ቀይ አገኘና «እመት በርበሬ» አላት። ማክሰኞ ቢጫ አገኘና «እመት እርድ» አላት። እንዲህ እያለ እሑድ ላይ ሰባት ዓይነት ሞላለት።

የሚያገኛት ግን ያችኑ አንዲት ሆዳም ቀንድ አውጣ ነበር። ከባሕሩ ወለል ለቅማ የበላችው ሰፍነግ ቀለም ገላዋ ላይ ይወጣል። ስም በወጣላት ቁጥር ሳቋን ውጣ ወደ ሰፍነጓ ትመለሳለች።

ነገር የማያልፋት ኤሊ «እስቲ ሰባቱን ባንድ ላይ አሳየን» አለችው። ሸርጣን ምን ገዶት! ሰባት ዓይነት ቀለም ያለው ሰፍነግ ደግሶ ሰባቱንም፣ ጎረቤቱንም ጠራ።

በቀኑ አንዲት ብቻ ከች አለች።

«እህቶችሽስ?» አለ ሸርጣን ደንግጦ።

«አሟቸዋል። አይቀየሙን አያ ሸርጣን፣ ድርሻቸውን እንድበላላቸው ልከውኛል።»

ይህን ብላ ድግሱን ጥርግ አደረገችው። ቀዩን ስትበላ ቀላች፣ ቢጫውን ስትበላ ቢጫ ሆነች፤ ሰባተኛው ላይ ዝንጉርጉር ሆና አረፈችው። ጎረቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

«አሁንስ ገባህ?» አለች ኤሊ።

ሸርጣን ቀንድ አውጣዋን ሲዞራት ቆየና ዓይኑን አፍጦ ጮኸ፤ «ገባኝ እንጂ! ስምንተኛዋ ተገኘች! ሌላ ድንጋይ አምጡልኝ!»

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በጨው አብሱ።