ውሃ ውስጥ ቆሞ የጠማው በርበሬ

አንድ ሰው ነበረ። ቆይ ሽባባው፣ አታቋርጠኝ! ጥያቄህን ሰምቻለሁ። «ለወንድሜ ያላደረግሁለት የለም፣ ታዲያ ለምን ሲያየኝ ፊቱን ያዞራል?» ነው ያልከኝ። በሬ ገዛህለት፣ ቤቱን ቆርቆሮ አለበስክለት፣ እሱ ግን ለልጅህ ክርስትና እንኳ አልመጣም። መልሱ ያለው በዚህ ሰውዬ በርበሬ ውስጥ ነው፤ ቁጭ በልና ስማ።

ሰውየው ገበሬ ነበረ። ማሳው ከመስኖው ቦይ ራስ ላይ ስለሆነ ውሃው መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው። በዚያ ዓመት በርበሬ ተከለ፤ የልጁ ሠርግም የታሰበው በዚያው በርበሬ ነበረ። ከቦዩ ጭራ ደግሞ ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት አለች። ለሷ የሚደርሳት ትራፊ ነው፤ እሱም በተራ፣ እሱም ቀጭን።

ሰውየው በርበሬውን ወደደው። አጠጣው፣ አጠጣው። አንድ ቀን ቢያይ ቅጠሉ ጠውልጓል። «ጠምቶታል» አለና ቦዩን ከፈተ። ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። «ርቦታል» አለና የበረት ፍግ አምጥቶ ከመረበት፤ ውሃውንም ጨመረ። እስከ ቁርጭምጭሚቱ እየሰመጠ «ጠጣ እንጂ የኔ ጌታ፣ ብላ እንጂ!» ይለዋል። በርበሬው አንገቱን ደፋ። እስቲ ይታይህ! ውሃ ውስጥ ቆሞ የሚጠማ፣ ምግብ ላይ ተቀምጦ የሚራብ!

ወደ ታች ቢመለከት የሴትዮዋ በርበሬ ለምልሞ ጠቁሯል። «ዓይኗ ነው!» አለ። «የኔን በልታ የሷን አሳመረች!» ዱላውን ይዞ ወረደ።

ሲደርስ የሴትዮዋ ተራ ነበረ። መሬቷን ኮትኩታ አላልታዋለች፤ ውሃዋን ለቀቀች። ሰውየው ዱላውን ሊያነሳ ሲል መሬቱ ቡልቅ አለ። እዚህ ቡልቅ፣ እዚያ ቡልቅ፣ ማሳው በሙሉ እንደ ተጣደ ሽሮ ተንተከተከ! እሳት የለ፣ ምን የለ። ዱላው ከእጁ ወደቀ።

«አንቺ ሴት፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«ምኑ?»

«መሬቱ ይተነፍሳል!»

ሴትዮዋ ሳቀች። «ባጠጣኋት ቁጥር እንደዚሁ ናት። ውሃው ሲገባ ትንፋሿ ይወጣል፣ ውሃው ሲወርድ መልሳ ትስባለች። ምነው፣ ያንተ አትተነፍስም እንዴ?»

ሮጠ። ማሳው ላይ ተንበርክኮ ውሃ ለቀቀ፤ ጆሮውን ወደ ጭቃው አስጠጋ። ዝም። እንደ መቃብር ዝም። አንዱን በርበሬ ቢነቅል ሥሩ ጠቁሯል፣ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ጭቃው ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ዕድሜውን ሙሉ ሲያርስ መሬት ሳንባ እንዳላት አያውቅም ነበራ!

ሥር ጥርስ የለውም፣ ልጄ። ፍጉን አያኝከውም፤ በውሃ ቀልጦ ሲመጣለት ነው የሚጠጣው። ስለዚህ ውሃ ግድ ነው፤ ደረቅ ፍግ ለሥር ድንጋይ ነው። ግን ለመጠጣትም ትንፋሽ ያሻል። አፍንጫውን አፍነህ ጠጅ ብትግተው ማን ይውጥልሃል? ያቺ በአፈር ቅንጣትና ቅንጣት መካከል ያለች፣ ጉንዳን እንኳ የማትቆምባት ቀዳዳ፣ ግማሿ ውሃ፣ ግማሿ አየር ሆና ዓለምን ታበላለች። ይሄን ሳስብ ጠጉሬ ይቆማል! እግዜር ስንቱን ነገር ከእግራችን በታች ደብቆታል!

ሰውየው ቦዩን በገዛ እጁ ደፈነ። የቆመውን ውሃ ማፍሰሻ ቀዶ አወጣው፤ መሬቱ ጠፈፍ ሲል ኮተኮተ። ብዙው በርበሬ ሞተ። የተረፈው ግን እንደ ሕፃን ጥርስ የነጣ አዲስ ሥር አውጥቶ ቀና አለ። የልጁ ሠርግ ያቺው ሴት በሰጠችው በርበሬ ተደገሰ። ከዚያ ወዲያ ሰውየው ውሃ የሚለቀው በልኩ ነው፤ በለቀቀም ቁጥር ተንበርክኮ ያቺን ቡልቅታ ይጠብቃል። ሲሰማት ያማትባል አሉ!

አሁን ወዳንተ ልምጣ፣ ሽባባው። ወንድምህን ምንይችልን አጠጣኸው፣ ፍግም ከመርክበት። የሰጠኸው ክፉ ነው አላልኩም፤ በሬ ክፉ ነው እንዴ? ግን አንድ ቀን ከቤቱ ቁርስ በልተሃል? እሸት ሲያቀርብልህ «ቸኩያለሁ፣ ለልጆችህ ይሁን» ትላለህ። ከቀፎው ማር ቆርጦ ቢሰጥህ «ሽጠው» አልከው። ሰው የሚተነፍሰው ሲሰጥ ነው፣ ልጄ። አንተ ያቺን ቀዳዳ ደፈንክበት፤ ታዲያ በምን ቀና ይበል? ፊቱን ያዞረብህ ጠልቶህ አይደለም፣ ታፍኖ ነው።

እሑድ ሂድ። ስኳር እንዳትይዝ! «ባዶ እጄን?» ትለኛለህ። አዎ፣ ባዶ እጅህን! ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ነውሩ በኔ ይሁን። ከደጁ ቆመህ «ምንይችል፣ ርቦኛል» በለው።

ከዚያ ዝም በልና አድምጥ። ቡልቅ ሲል ትሰማዋለህ።